«ዓይንዎ ወደ እኔ ነበር»፦ ስለ ሞተረኛና ሹፌር ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል፤ አንደኛው የላከልኝ የገዛ ወንድሜ ነው፣ «ይኸው የናንተ ጉድ» የሚል ጨምሮበት። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። 28 ዓመት መሪ የጨበጡ የጭነት መኪና ሹፌር መሆናቸውን ግን ነግረውናል፤ አጻጻፋቸውም ይመሰክርላቸዋል። አንቱ የምላቸው ለወጉ ያህል አይደለም። በዕድሜም በነዱት ኪሎ ሜትርም ይበልጡኛል።

ያሉት ነገር ሲጠቃለል እንዲህ ነው። የሞተር አደጋ ምንጩ የሞተረኛው ፍጥነትና ጥጋብ ነው፤ «ዓይን ያለው ሹፌር ሞተር አይጠፋውም»። ትንሽ ለትልቅ መልቀቅ የአገር ወግ ስለሆነ መንገድ ላይም ሞተረኛ ለመኪና ይልቀቅ። በመኪኖች መሃል መሹለክ ንቀት ነው። ሹፌር ክላክስ ካሰማ ግዴታውን ተወጥቷል። ሄልሜት ሳያደርግ የተመታ ማንንም አይውቀስ። ይህ ሁሉ አልሰማ ካለ ደግሞ አዲስ አበባ እንዳደረገችው ሞተርን ከከተማ ማስወጣት ነው። አሳጥሬው ይሆናል እንጂ ያጣመምኩት ያለ አይመስለኝም።

እኔስ ማን ነኝ? ዘጠኝ ዓመት በኩታበርና በሐይቅ ዙሪያ በመሥሪያ ቤት ያማሃ እየዞርኩ ከብት ሳክም የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ደሴ አድራለሁ፣ ኮምቦልቻ እውላለሁ፤ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት በአሮጌ ኮሮላ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። የራሴን ሞተር ግን አልሸጥኳትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወጣለች። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ተሰድቤያለሁ። ሐቁን ለመናገር፣ ሁለቱንም ወገን ሰድቤያለሁ።

ዋናው ክርክሬ የመጀመሪያው ነጥብ ላይ ነው፤ ረዘም ብል ይታለፍልኝ።

ዓይን ያለው ሹፌር ሞተር አይጠፋውም? ዓይን አለኝ፣ ጠፍቶኛል። ባለፈው ሐምሌ ኮምቦልቻ ውስጥ ነው፤ ካፊያ እየጣለ ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ አሳይቼ ቆሜያለሁ። ከፊት የሚመጣ ሲኖትራክ አሳለፍኩ። ቀኝ አየሁ፣ ግራ አየሁ፣ ባዶ ነው። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ ጎማ ሲንሸራተት ሰማሁ። አንድ ሞተረኛ ከመኪናዬ አፍንጫ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት በጎኑ ቆሟል። ከኋላው ያሰረው የዶሮ ቅርጫት ተንጋዶ ዶሮዎቹ ይንጫጫሉ። ስድብ ጠበቅኩ። ልጁ ሞተሩን አስተካክሎ ወደ መስኮቴ ጠጋ አለና «ጋሼ፣ አላዩኝም እንዴ?» አለኝ። ወላሂ አላየሁህም አልኩት። «እንዴት ይሆናል? እኔ እኮ አይቼዎታለሁ። ዓይንዎ ወደ እኔ ነበር» አለ።

እውነቱን ነው፤ ዓይኔ ወደ እሱ ነበር። ያ ነገር ለቀናት እንቅልፍ ነሳኝ። ቸኩዬ አልነበረም፣ ስልክ አላነሳሁም፣ ልጁም አልፈጠነም። ታዲያ ምን ሆንኩ?

እሑድ መኪናዬን ሜዳ ላይ አቁሜ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። የጎረቤቴን ልጅ ሞተሬ ላይ አስቀምጬ ሃያ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እንዲል ነገርኩት። የፊት መስታወቱን በጎን የያዘው ብረት አንድ ጋት ቢሆን ነው። ልጁ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከነሞተሩ ጠፋ። አንገቴን ወደ ፊት ሳዘነብል ብቅ አለ፤ ስመለስ እንደገና ጠፋ። ጋት የማትሞላ ብረት ለዓይን ስለምትቀርብ ሩቅ ያለውን ሞተርና ሰው አንድ ላይ ትውጣለች። አይሱዙን ግን አትውጥም፤ አፍንጫው ወይም ጭነቱ በአንዱ ጎን መውጣቱ አይቀርም። የባሰው ደግሞ ሁለታችንም እየተንቀሳቀስን ወደ አንድ መገናኛ ስንጠጋ ነው። ፍጥነታችን ካልተለወጠ ሞተሩ ከብረቱ ኋላ እንደተከለለ አብሮኝ ይመጣና እላዬ ላይ ሲደርስ ብቻ ይገለጣል። «ከየት መጣ?» የምንለው ያኔ ነው። ከየትም አልመጣም፤ እዚያው ነበር።

ሌላም አለ። ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር ሁሉን እየጠረገ የሚያይ ይመስለናል እንጂ እየዘለለ ነው የሚሄደው። በዝላዩ መሃል ያለውን አእምሮ አይቀበለውም፤ ክፍተቱን ራሱ ሞልቶ «አየሁ» ያሰኘናል። መኪና ሰፊ ስለሆነ ከሁለት ዝላይ አንዱ ያገኘዋል። ሞተር ቀጭን ነው፣ በዝላዩ ስር ያልፋል። በዚያ ላይ ቀጭን ነገር ሲመጣ ከእውነቱ የራቀና የዘገየ ይመስላል። ከፊት የሚመጣ አውቶቡስ በየቅጽበቱ እየሰፋ ሲመጣ ልብ ይደነግጣል፤ ሞተር ግን አንዲት መብራት ናት፣ እስክትደርስ ድረስ ያችው አንዲት መብራት። ለዚህ ነው ሹፌሮች «ገና ሩቅ ነበር እኮ» ብለው በሙሉ ልብ የሚምሉት። አይዋሹም።

ስለ ፍጥነቱም ቢሆን ማስረጃው ጸሐፊው ወዳሉት አያዘነብልም። በዚህ ጉዳይ ላይ እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃሪ ኸርት የሚባሉ ተመራማሪ የመሩት ነው። 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መረመሩ። ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው ውስጥ በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነሳው የሌላው ተሽከርካሪ ሹፌር ነበር። ከአደጋው በፊት የሞተሮቹ ፍጥነት ደግሞ ግማሹ በሰዓት ከ48 ኪሎ ሜትር በታች፣ ግማሹ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ የጥጋብ ፍጥነት ነው? እርግጥ ሎስ አንጀለስ ደሴ አይደለችም፤ የነሱ መንገድ ሰፊ ነው፣ የኛ ፒያሳ ጠባብ። የዓይን አሠራር ግን እዚህም እዚያም አንድ ነው።

ይህ ሁሉ ሞተረኛን ከወቀሳ ነጻ ለማውጣት አይደለም። ጸሐፊው ያላነሱትን አንድ ጥፋት እኔው ላንሳላቸው። ያው ጥናት ሞተረኛው ብቻውን ከወደቀባቸው አደጋዎች ውስጥም ሁለት ሦስተኛው በራሱ ስህተት የመጣ መሆኑን ያሳያል፤ አደጋ ከደረሰባቸው ሞተረኞች ደግሞ 92 በመቶው ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ወይም ከጓደኛና ከዘመድ የተማሩ ናቸው። እኔም የተማርኩት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ በሁለት ከሰዓት ነው። የእግር ፍሬኑ የት እንዳለ ነግሮኝ «በል አብሽር» ብሎ ለቀቀኝ። የፊት ፍሬን ከኋላው ይልቅ እንደሚይዝ ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ያውም ወድቄ።

ሐረጎን ለማያውቅ ሰው፦ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ ላይ። ያንን ከፍታ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ ትወጣዋለህ። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊትህ ያለው ተሳቢ ከነጭነቱ ይጠፋል፤ የሚቀርህ ሁለት ቀይ ነጥብ ነው። ታዲያ በዚህ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ የሚንደረደር ልጅ አያለሁ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ። ልጁ የማያውቀው ወይም እያወቀ የሚንቀው ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ማርሽ ይዞ የመውረድን እገዛ ያጣል፤ ሁሉ ነገር በፍሬን ላይ ይወድቃል፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይለግማል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራታቸው የሚበራው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ በጉም ውስጥ ድምፅ የሌለው፣ መብራት የሌለው፣ ፍሬኑም የሚያጠራጥር ነገር ሆኖ ይወርዳል። እዚያ ላይ ለሚደርሰው አደጋ ሹፌርን የምወቅስበት አንደበት የለኝም። ጸሐፊው ይህን ቢጽፉ ኖሮ ከሥር እፈርምላቸው ነበር።

እዚሁ ሐረጎ ላይ ሳለሁ ለሹፌር ወገንም አንድ ነገር። የጭነት ሹፌሮቻችን የቆየ ደግነት አላቸው፤ ከኋላ ለተሰለፈው «መንገዱ ባዶ ነው፣ እለፍ» ለማለት የቀኝ ፍሬቻ ያሳያሉ። ስንት ቀን ተጠቅሜበታለሁ፣ አመስግኜም አልፌያለሁ። ግን ያ ፍሬቻ ሁለት ትርጉም አለው፦ «እለፍ» ወይም «ወደ ቀኝ ልወጣ ነው»። ደግሞም ሹፌሩ ባዶ ነው የሚለው ትልቅ ነገር ስላላየ ነው፤ ከላይ በአንዲት ደካማ መብራት የሚወርደውን ሞተር አይቶታል ማለት አይደለም። እንደ እሳቸው ያለ የ28 ዓመት ሹፌር የሚያበራት ፍሬቻ ኋላ ላለው ወጣት ሹፌር ፈቃድ ሆና ነው የምትነበበው። ደግነቱ ይቅር አልልም። ከማብራታቸው በፊት አንዴ የተመለከቱትን ሁለቴ ይመልከቱ ነው የምለው፣ ለሞተሩ ሲሉ።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ትንሽ ለትልቅ ይልቀቅ ወደሚለው። ወጉ ልክ ነው፣ ቦታው ግን አይደለም። ለአባት ወንበር የምንለቀው አባት ስለሆኑ ነው እንጂ ከእኛ ይልቅ ስለሚከብዱ አይደለም። መንገድ ላይ ያለው ትልቅነት የቶን ትልቅነት ነው። የመንገድ ወጋችንን ከፈለግን ደግሞ ወሎ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው ሥርዓት አለ፦ በእንስሳ ላይ ያለው በእግሩ ለሚሄደው ቀድሞ ሰላም ይላል፣ የሚሄደው ለተቀመጠው። ከላይ ያለው ከታች ላለው ነው የሚቀድመው። ወጉ ይጠቀስ ከተባለ ለሞተረኛው እንጂ ለተሳቢው አይመሰክርም።

በመኪኖች መሃል ስለመሹለክ ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በቆሙ መኪኖች መሃል በሰላሳና በአርባ የሚበር ሞተረኛ ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ከተሳቢ በስተቀኝ የሚሾልከው ደግሞ ሞቱን እየጠራ ነው፤ ባቲ መገንጠያ ላይ ቆሞ ያየ ያውቀዋል። ተሳቢ ሲታጠፍ ፊቱ ወደ ውጭ ይሰፋል፣ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ይቆርጣሉ፤ ሹፌሩም ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ቀኝ ጎኑ ስር የገባውን አያየውም። ለሞተረኛ የምመክረው ቀላል ነው፦ የሹፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላየህ እሱም አላየህም።

ግን በቆመ ሰልፍ ውስጥ ቀስ ብሎ ማለፍ ንቀት ነው የሚለውን አልቀበልም። ያ ሞተር ሰልፍ ውስጥ ቢቆም የአንድ መኪና ቦታ ይይዛል። ሾልኮ ሲሄድ ማንንም አያዘገይም፤ የሚያናድደን እኛ ቆመን እሱ መሄዱ ብቻ ነው። ቅናት ነው እንበለው። እኔንም ያናድደኛል።

ሹፌሮች ማንሳት የማይወዱት ነገር ደግሞ በር ነው። ደሴ ፒያሳ፣ ከስምንት ዓመት በፊት፣ ከቆመ ሚኒባስ ጎን በዝግታ እያለፍኩ ሳለ ሹፌሩ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ቀኝ እጄን ከመሪው ጋር አጣበቀው፤ ሁለት ጣቴ ተሰበረ። ሰውየው ደግ ሰው ነበር፤ ሐኪም ቤት ይዞኝ ሄደ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየመጣ ጠየቀኝ። «አላየሁህም» ከማለት ሌላ የሚለው አልነበረውም። ትንሿ ጣቴ እስካሁን ብርድ ሲሆን ትነግረኛለች፣ ደሴ ውስጥ ደግሞ ብርድ የማይሆንበት ጊዜ የለም። ለዚህ ገንዘብ የማያስወጣ ዘዴ አለ። መሪው በግራ ያለ መኪና ሹፌር በሩን በግራ እጁ ሳይሆን በቀኝ እጁ ይክፈት። ቀኝ እጅ ወደ በሩ እንዲደርስ ትከሻ ይዞራል፣ ትከሻ ሲዞር ዓይን ይከተላል፣ ኋላ የሚመጣው ይታያል። ልጆቼን በኋላ ወንበር ላይ እንደዚያ አስለምጃቸዋለሁ፤ በግራ የተቀመጠ በቀኝ እጁ፣ በቀኝ የተቀመጠ በግራ እጁ። አሁን እኔ ስረሳ የሚቆጡኝ እነሱ ናቸው።

ስለ ክላክስ ብዙ የምለው የለኝም። ክላክስ «አለሁ» ይላል እንጂ «ልቀቅ» አይልም፤ ከሞተረኛ ጆሮ አጠገብ በድንገት ሲጮህ ደግሞ መሪ ያስወዛውዛል። ከሩቅ አጭር አድርጎ ማሰማት ጥሩ ነው። ካሰሙ በኋላ ፍሬን ላይ እግር ካልተዘጋጀ ግን ግዴታ አልተወጡም፣ ማስታወቂያ ነው ያስነገሩት።

ሄልሜት ላይ ከጸሐፊው ጋር ልንተቃቀፍ ምንም አልቀረንም። ሄልሜት የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ሥራ አሳይቷል። ይህን እያወቁ ክርን ላይ አንጠልጥለው የሚሄዱ፣ ትራፊክ ፖሊስ ሲያዩ ብቻ የሚደፉ፣ ማሰሪያውን የማያስሩ አሉ። ያልታሰረ ሄልሜት ቆብ ነው፤ ከሰውየው በፊት ይወርዳል። እስከዚህ አብረን ነን። «ማንንም አይውቀስ» ሲባል ግን እለያለሁ። በሩን ሳይቆልፍ ያደረን ሰው ሌባ ቢገባበት ሞኝ እንለዋለን፤ ሌባውን ግን «አንተ ጥፋት የለብህም» ብለን አንሸኘውም። ሄልሜት የተመታን ሰው ያድን ይሆናል፣ መመታትን አይከለክልም። ሄልሜት ከተነሳ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከኋላ የሚቀመጠው ነው። ሞተረኛው ሲያደርግ እንኳ ከኋላው ያለችው እህት ራሷ ላይ ያለው ነጠላ ብቻ ነው። ኪጋሊ ውስጥ የሞተር ታክሲ ለተሳፋሪው ሁለተኛ ሄልሜት ይዞ መዞር ግዴታው ነው፤ እኔም ያንን ከሰማሁ ወዲህ አንድ ትርፍ ገዝቼ ሞተሬ ላይ አስሬያለሁ።

የመጨረሻው እገዳው ነው። በጸጥታ ምክንያት ለጊዜው የሚጣል ገደብ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልቀላቅለውም። ጸሐፊው የሚሉት ለመንገድ ደኅንነት ሲባል ነው፤ ምሳሌያቸውም አዲስ አበባ ናት። አዲስ አበባ ሞተርን የከለከለችው ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ያን ጊዜ የተነገረው ዋና ምክንያት ግን በሞተር የሚፈጸም ቅሚያና ዝርፊያ ነበር እንጂ ሞተረኛና ሹፌር አልተከባበሩም የሚል አልነበረም። እሱም ቢሆን ፈቃድ ላላቸው ቀዳዳ ትቶ ነው። ስለዚህ ምሳሌው ለዚህ ክርክር አይሆንም።

አዲስ አበባ ሰፊ መንገድ አላት፣ አውቶቡስ አላት፣ ባቡር አላት። የኛ አገር የጦሳን ተራራ ተደግፎ የተቀመጠ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ወጣ ስትል ኮብልስቶን ነው፣ ከዚያ ዳገት ነው፣ ከዚያ ኮሮላዬ የማትደርስበት ቦታ ነው። ኩታበር ሳለሁ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ገበሬ ደውሎ «ላሜ ምጥ ይዟት ጥጃው በእግሩ መጥቷል» አለኝ። ያን ሌሊት በሞተር አርባ ደቂቃ ሄጄ ላሟን አተረፍኩ፣ ጥጃው አልተረፈም። ሞተር ባይኖር ሁለቱም አይተርፉም ነበር። በዚያ አስፋልት ላይ ከምናያቸው ሞተረኞች ስንቱ የጤና ባለሙያ፣ ስንቱ የግብርና ሠራተኛ፣ ስንቱ ዶሮ ሻጭ እንደሆነ ጸሐፊው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የሚያስቸግራቸው ያ በአንድ ጎማ የሚሄደው ጎረምሳ ከሆነ እሱ ይቀጣ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብን።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው በጽሑፋቸው መጨረሻ «በሕይወቴ ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም፣ አልወጣምም» ብለዋል። ለአልወጣምታቸው መልስ የለኝም። ሐሳባቸውን ከለወጡ ግን ቅዳሜ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሳ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ፤ ሐረጎን ከኋላዬ ተቀምጠው እንውጣ፣ በግራችን ተሳቢ ሲያልፈን እንይ። ትርፉ ሄልሜት ሰፋ ያለ ነው፣ ከነኮፍያቸውም ሳይገባ አይቀርም። ማሰሪያውን እኔ አጠብቅላቸዋለሁ።